ጤና ጣቢያ ለበሽተኛ የሚሰጠው አገልግሎት

በገጠርም በከተማም የሚኖረው ሕዝብ ሲታመም አስቀድሞ የሚያገኘው የሕክምና ደጅ ጤና ጣቢያ ነው። ኾኖም በዚያ ደጅ ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ አጥርቶ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው ሰው ራሱን ሲያመው ወይም ትኩሳት ሲይዘው ክኒን የሚቀበልበት ቤት አድርጎ ብቻ ይቈጥረዋል። ሕመሙ የከበደ በመሰለው ጊዜ ደግሞ ጤና ጣቢያውን ዐልፎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይገሠግሣል፤ እዚያም ከሩቅ አገር ከመጣው ሕዝብ ጋራ ተሰልፎ፥ በሰፈሩ ሊያልቅለት ይችል ለነበረው ጕዳይ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ይውላል። በዚኽ ጥፋቱ የሕዝቡ ብቻ አይደለም፤ አገልግሎቱን ሊያሟሉለት የሚገባቸው ሹማምንት፥ ቃላቸው የሚሰማላቸው ካህናትም ድርሻ አላቸው።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሕክምና ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ሆስፒታል ነው። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቍስለኞችን ሊረዱ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራውም ሆስፒታል የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ነገር ግን ሆስፒታል ታሞ የመጣውን ይቀበላል እንጂ ሕመሙን ወደ መነጨበት መንደር አይወርድም። ይኽ ጕድለት በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ጊዜ ጐልቶ ታየ፤ ከዚያም በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኰንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የዚኽ ትምህርት ቤት ዐሳብ እኒኽ ሠራተኞች ባንድነት ወርደው በየአውራጃው ጤና ጣቢያ እንዲይዙ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ወደ ቀበሌ ወርዶ፥ አንድ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ኹለት ኹለት ሴቶች በጤና ኬላ እንዲቀመጡና ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲያስተምሩ ተደረገ። በሥርዐቱ መሠረት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 5 ጤና ኬላዎችን እየመራ እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ ያገለግላል።

በደጁ የገባ በሽተኛ መጀመሪያ የሚቀርበው ወደ ካርድ ክፍል ነው። ካርዱን ብዙ ሰው እንደ ከንቱ ወረቀት ያየዋል። ነገር ግን አምና የወሰደው መድኃኒት፥ ያልተስማማው መርፌ፥ የደም ግፊቱ ልክ፥ ይኽ ኹሉ የሚገኘው በዚያው ላይ ነው። ቀጥሎ ልየታ የሚባለው ክፍል አለ፤ በዚያ ነርሷ ትኩሳቱን፥ የልቡን ምት፥ የደም ግፊቱንና ክብደቱን ትለካለች። ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚነሣው ከዚኽ ላይ ነው። በ2 ሰዓት የመጣው አባወራ ተቀምጦ ሳለ በ3 ሰዓት የመጣችው እናት ሕፃኗን ታቅፋ ስትገባ ባየ ጊዜ፥ በውስጥ ዘመድ ያላት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ትንፋሹ የሚቈራረጥ ሕፃን፥ ደም የሚፈሳት ነፍሰ ጡርና ራሱን የሳተ ሰው ተራ አለመጠበቃቸው ነው። ነርሷ ይኽን በኹለት ቃል ብታስረዳው ቍጣው ይበርድ ነበር፤ ዝም ባለች ጊዜ ግን ትክክለኛው ሥራ አድልዎ መስሎ ይታያል።

ከልየታ በኋላ በሽተኛውን የሚመረምረው አብዛኛውን ጊዜ ጤና መኰንን ወይም ነርስ ነው፤ ሕዝቡ ነጭ የለበሰውን ኹሉ «ዶክተር» ብሎ መጥራቱ ለአክብሮት ነውና የሚነቀፍ አይደለም። መርማሪው ያስፈለገው እንደ ኾነ ደም፥ ሽንት፥ ዐይነ ምድር ወይም አክታ እንዲመረመር ወደ ላቦራቶሪ ያዛል። ትኩሳት ኹሉ ወባ ስላልኾነ፥ ከጣት ጫፍ የሚወሰደው ጠብታ ደም ሳይታይ የወባ መድኃኒት መስጠት አይገባም። ደግሞም «መርፌ ካልተወጋሁ ታከምሁ አልልም» የሚል በሽተኛ አይጠፋም። መርፌ የሚያስፈልገው ለተለየ ሕመም መኾኑን ነግሮ ያለ መርፌ መሸኘት ለባለሙያው ከመውጋት ይልቅ ጊዜ ይወስድበታል፤ ቢኾንም ይኽም ከሕክምናው አገልግሎት አንዱ ነው።

ከጤና ጣቢያው ሥራ እጅግ የሚጠቅመው ግን ለጤነኛ ሰው የሚሰጠው ነው፤ ከዚኽም የክትባት ነገር ካህናትን በቅርብ ይመለከታል። ሕፃን እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ መከላከያ ይሰጠዋል። ከዚያ በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፥ ኋላም በ9 ወሩና በ15 ወሩ ይመለሳል፤ የኋለኞቹ ኹለቱ ቀጠሮዎች የኩፍኝ ናቸው። እንግዲኽ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው፤ የ6 ሳምንቱ ክትባት፥ በሕዝቡ አነጋገር የ45 ቀኑ፥ በዚያው ሰሞን ይውላል። ሴት ልጅ ግን በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የ6ቱም የ10ሩም ሳምንት ክትባት ዐልፏል። ስለዚኽ ወንዱን ያጠመቀው ቄስ ለክርስትና አባቱ «በዚኽ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ» ቢለው ይበቃል፤ ሴቲቱን ያጠመቀው ግን «ኹለቱን ወስዳለች ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። እናቲቱ በዐራስ ቤት ሳለች ከቤት መውጣት ከብዷት ቀጠሮ ቢያልፋት ሕፃኑን ሌላ ሰው ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ የዘገየውም ክትባት ካለበት ይቀጥላል እንጂ እንደ ገና ከመጀመሪያው አይነሣም። ይኽን ባለማወቅና የነርሷን ተግሣጽ በመፍራት ጭራሽ የሚቀሩ አሉ።

ስለ ወሊድ የሚሰጠው አገልግሎትም እንዲኹ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ፅንሱ 12 ሳምንት ሳይሞላው ብትመጣ የደሟ ዐይነት፥ የደም ማነሷ፥ የደም ግፊቷ ይታወቃል፤ የመቈጣጠሪያው ጊዜም ይነገራታል። የክትትሉ፥ የማዋለጁና የዐራስነቱ ሕክምና ያለ ክፍያ ነው። ብዙ እናቶችን የሚገድለው ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ነው፤ ይኽንንም ለመከላከል ልጁ እንደ ተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ ለእናቲቱ መርፌ ትወጋለች። መርፌውም በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ ኀይሉን ያጣል። በመንደር የምታዋልድ አሮጊት እጇ የተባረከ ቢኾን እንኳ ይኽ መርፌ የላትም። መንገዱ ለራቀባቸው እናቶች በብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ ቤት ተሠርቷል፤ ባንዳንዱም ቦታ የዐራሷ ገንፎ በዚያው ተገንፍቶ፥ ቡናው ተፈልቶ፥ እልል ተብሎ ትሸኛለች። ገንፎውን አቅልሎ የሚያይ ሹም ቢኖር ሴቶቹ ጤና ጣቢያውን የሚሸሹበትን ምክንያት አልመረመረም ማለት ነው፤ በባዕድ ቤት፥ በብርድ አልጋ፥ ያለ ዘመድ መውለድን ፈርተው የሚቀሩ ብዙዎች ናቸውና።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው አክታው በነጻ ይመረመራል፤ በሽታው ከተገኘበትም መድኃኒቱን ያለ ክፍያ ለ6 ወር ይወስዳል። በ2 ወሩ ሳሉ ይቆማል፥ ሥጋውም ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የዳነ መስሎት ይተወዋል። በሽታው ተመልሶ የመጣ እንደ ኾነ ግን የቀደመው መድኃኒት ላያሸንፈው ይችላል፤ ለቤተ ሰቡም ያንኑ የጸናውን በሽታ ያስተላልፋል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የሚቋረጠው በሽተኛው ወደ ጠበል ሲሄድ ነው። በዚኽ ነገር ቤተ ክርስቲያን ዝም አላለችም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳይተዉ ጠበሉን እንዲጠቀሙ በይፋ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ክብር ይናገራል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ቍስል የበለስ ጥፍጥፍ ማዘዙ ለሊቃውንቱ የታወቀ ነው። ስለዚኽ የንስሐ አባት ለልጁ ጠበል ሲያዝዝ «ክኒንህን ይዘህ ሂድ» ቢል ከሥርዐት የወጣ አይኾንም። ስለ ጾምም ቢኾን፥ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ቢቈይ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ለሕሙም የሚቀልልበት መንገድ በቤተ ክርስቲያን ስላለ፥ ጠይቆ እንዲፈቀድለት ማድረግ ይገባል።

ከዚኽ ኹሉ በኋላ በሽተኛው የሚደርሰው ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ነው፤ የጤና ጣቢያውም ስም የሚከበረው ወይም የሚወድቀው በዚያ መስኮት ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ዛሬ በብዙ ወረዳ ተስፋፍቷል። አባሉ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። አባሉ ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ እንዲጀምር ታዟል፤ መላኪያ ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪው በሙሉ አይሸፈንለትም። ይኽ ትእዛዝ የሚገባ ነው። ነገር ግን መዋጮውን የከፈለ ገበሬ ተመርምሮ፥ መድኃኒቱ ተጽፎለት፥ በመጨረሻው መስኮት «የለም፥ ከውጭ ግዛ» ሲባል፥ ኹለት ጊዜ እንደ ከፈለ ይሰማዋል፤ በሚመጣው ዓመት መዋጮ ሰብሳቢው ሲመጣም ደጁን ይዘጋል። ጎረቤቱም ያን ሰምቶ ይዘጋል።

መድኃኒት የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። የውጭ ምንዛሪ ማነስ አለ፤ የመንገድ ርቀት አለ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን በተደረገው ጦርነት የተዘረፉና የፈረሱ ጤና ጣቢያዎች አሉ። እነዚኽን የወረዳ ሹም ብቻውን አያቃናቸውም። በእጁ ያለው ግን ጥቂት አይደለም። ቀድሞ ጤና ጣቢያ የሰበሰበውን ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያስገባ ነበር፤ ዛሬ ገቢውን ለራሱ አስቀርቶ በቦርዱ ፈቃድ ለመድኃኒትና ለዕቃ ሊያውለው ተፈቅዶለታል። ቦርዱ በጊዜው ካልተሰበሰበ ግን ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ መደርደሪያው ባዶ ይኾናል። ጤና ጣቢያው የመድኃኒት ሪፖርቱንና ጥያቄውን የሚልከው በየ2 ወሩ ነው፤ ወረቀቱ ፊርማ ሲጠብቅ በጠረጴዛ ላይ አንድ ሳምንት ቢያድር፥ የደም ግፊት ክኒኗ ያለቀባት አሮጊትም ያንን ሳምንት ያለ መድኃኒት ታሳልፈዋለች።