ሁለት ጎራ፣ አንድ የኪራይ ቤት

የልጅ ልጄ ቅዳሜ ጠዋት «ጥናት አለብኝ» ብሎ ከቤት ወጣ። ማታ አራት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው። በነርስነት የኖረ ሰው እንዲህ ባለ ምሽት የሚያስበው ከሌላው የባሰ ነው። የድንገተኛ ክፍሉን በር፣ ቃሬዛውን፣ «ስሙ ያልታወቀ ወጣት» ተብሎ የሚሞላውን ካርድ ሁሉ አውቀዋለሁ። እዚህ ሰባተኛ ጎረቤቶቼ ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚሉኝ። ያን ዕለት «ሲስተር፣ አይዞሽ፣ ይመጣል» እያሉ ደጄ ላይ ተቀምጠው አመሹ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የቡና ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ድምፁ ተዘግቶ ገባ።

«እማማ፣ አዳማ ነበርኩ። ጊዮርጊስና ቡና ነበሩ።»

ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አጋዥ መጽሐፍ መግዣ የሰጠሁት ገንዘብ ለመኪናና ለትኬት ሄዷል። ማን አሸነፈ ብዬ አልጠየቅሁትም። የምችለውን ያህል ተቆጣሁና ራት አቀረብኩለት። እሱ ግን እንጀራውን እየቆረሰ «እማማ፣ ሁለቱም የአዲስ አበባ ቡድኖች ናቸው። ለምንድን ነው አዳማ ድረስ የምንሄደው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ይህ ጥያቄ ቤቴ ውስጥ ሰው አለው። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የጊዮርጊስ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያው ልጃችን ደግሞ ገና በልጅነቱ ቡና ሆኖ አረፈው። የደርቢ ዕለት ሁለቱም አብረው ይወጣሉ፣ ስታዲየም በር ላይ ይለያያሉ፣ ማታ አንደኛው እየዘፈነ አንደኛው እያኮረፈ ይመለሳሉ። ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ፣ ሚስማር ተራ የሚባሉትን የመቀመጫ ስሞች ያወቅኋቸው ስታዲየም ገብቼ ሳይሆን በእነሱ ክርክር ነው። ሚስማር ተራ ሲሉ መጀመሪያ የኛን የመርካቶውን መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ የልጁን ጥያቄ ይዤ ስጠይቅ፣ ሳነብ፣ ልጄንም ሳስለፈልፍ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ እነዚህ ሁለት ባላንጣዎች ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ግቢ የኖሩ ተከራዮች ናቸው። ቤቱ የማንኛቸውም አይደለም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ወጣቶች ተመሠረተ። ቡና በ1968 ዓ.ም. ቡና ገበያ ተብሎ መጣ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫን ለሦስተኛ ጊዜ አስተናገደ። ሁለቱም ስም ያወጡት በዚያ ሜዳ ነው፣ ደጋፊ ያፈሩትም በዚያ ሜዳ ነው። ባለቤቱ ግን መንግሥት ነው። ከመቀመጫው ሥር ዙሪያውን የተደረደሩት ሱቆችና ምግብ ቤቶች የሚከፍሉት ኪራይ ወደ ክለቦቹ ኪስ አይገባም። ለክለቡ የሚደርሰው ከትኬቱ ተቆራርጦ የቀረው ነው።

ሰባተኛ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ ወዲህ ብዙዎቻችን የኖርነው በቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ከሁለት ስኒ ቡና ዋጋ አይበልጥም። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ማን ያድሰዋል? አንቺ እንዳታድሺው ቤቱ ያንቺ አይደለም። አከራዩ ደግሞ የሚያገኘው ኪራይ ለአንድ ቆርቆሮ አይበቃውም። ቤቱ እያረጀ ይሄዳል፣ አንድ ቀን «ልቀቁ» ይባላል።

በኳስም የሆነው ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በአዲስ አበባ ስታዲየም ከተጀመረ በኋላ ወደ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተጓዘ። ቡድኖቹ ሁሉ አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት አሠራር የመጣው በኮሮናው ጊዜ ነበር፤ በሽታው ጋብ ቢልም አሠራሩ ቀጠለ። ስታዲየሙም ለእድሳት ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ካፍ የባሕር ዳሩንም ሜዳ ሲያግድ በአገሩ የቀረ ደረጃውን የሚያሟላ ሜዳ ጠፋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» ከጋና ጋር የተጫወተው ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ደግሞ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ። አባቴ በ1954 ዓ.ም. ያንኑ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ እዚሁ ስታዲየም ያነሣንበትን ቀን ሲያወራ እንባው ይመጣ ነበር። ሊሎንግዌን ባያይ ይሻላል።

ካፍ ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ወንበር፣ መብራት፣ የመልበሻ ክፍል፣ የሕክምና ክፍልና የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍል ይገኙበታል። ሰው «ፈረንጅ አበዛው» ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን በሕክምና ክፍሉ አልደራደርም። ልቡ የቆመ ሰው የሚጠብቀው ደቂቃ ነው፤ አምቡላንስ ከሕዝብ መካከል እስኪወጣ አይጠብቅም።

ሜዳ የሌለው ክለብ ታዲያ በምን ይኖራል? አብዛኞቹ የሊጉ ቡድኖች የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ተቋም በጀት አላቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። ጊዮርጊስና ቡና ግን እንዲህ ያለ ቋት የላቸውም። ጊዮርጊስ ለብዙ ዓመታት የሼህ መሐመድ አል አሙዲንን እጅ ተደግፎ ኖሯል። ሼሁ በ2010 ዓ.ም. ሳውዲ አረቢያ ውስጥ ታስረው ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆዩ ባለቤቴ ለሰውየው ጸሎት፣ ለክለቡ ደግሞ ጭንቀት ያዘ። ቡናም በደጋፊው ትከሻ ነው የሚሄደው። በየጊዜው የሚዘጋጀውን የቤተሰብ ሩጫ ታውቁታላችሁ፤ ቲሸርቱን ልጄ ለቤቱ ሰው ሁሉ ይገዛል፣ ለእኔም ጭምር። የጊዮርጊስ ሰው ሚስት ነኝ ብል አልሰማኝም።

ከዚያ የቢራው ጉዳይ አለ። የአንደኛው ማልያ ላይ ጊዮርጊስ ቢራ፣ የሌላኛው ላይ ሐበሻ ቢራ ተጽፎ ልጆቻችን ለብሰውት አደጉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከራዲዮ ሲያግድ እኔ በበኩሌ እልል ብያለሁ፤ የጉበት በሽተኛ ያስታመመ ሰው ይገባዋል። ልጄ ግን «እማዬ፣ ደመወዙን አንቺ ትከፍያለሽ?» አለኝ። በ2013 ዓ.ም. ጨዋታው በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር የሊጉ ስም ቤትኪንግ ሆነ። ቤትኪንግ ደግሞ የውርርድ ድርጅት ነው። ከቢራ ወጥተን ቁማር ውስጥ ገባን ማለት ነው። እዚህ መርካቶ የውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይዘው የቆሙትን ልጆች ያየ ሰው፣ ይህን ገንዘብ በደስታ አይቀበለውም።

«እንግዲያስ የራሳቸውን ስታዲየም ይሥሩ» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ቦሌ ላይ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረውን፣ 62,000 ሰው ይይዛል የተባለውን የአደይ አበባ ስታዲየም ግን አስቡት። መንግሥትን ያህል አካል ለዓመታት ያንገላታ ሥራ ነው፤ አንድ ክለብ ብቻውን እንዴት ይወጣዋል? ተበድሮ መግዛትም አለ። እንግሊዝ አገር አረጋውያን በመንከባከብ የምትሠራው ልጄ የነገረችኝን ልጥቀስ። እዚያ ራግቢ የሚሉት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበት ጨዋታ አለ። ዋስፕስ የሚባል ስመ ጥር ቡድን ኮቬንትሪ ከተማ ስታዲየም ገዛ፣ በቦንድ 35 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ገንዘቡ የለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተጫዋቹም ሠራተኛውም በአንድ ቀን ሥራ አጣ። ስታዲየም መያዝ ብቻውን እንጀራ አይሆንም።

የበለጠ የገረመኝ የጣሊያኑ ነው። ሚላንና ኢንተር ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱን ሳን ሲሮ እየተጋሩ የኖሩ፣ እንደኛዎቹ የማይዋደዱ ጎረቤቶች ናቸው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት ስታዲየሙን ከዙሪያው መሬት ጋር በ197 ሚሊዮን ዩሮ ለሁለቱም በጋራ እንዲሸጥ ወሰነ። ባላንጣዎቹ ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ቤት ሊገዙ!

ይህን ለልጄ ስነግረው ሳቀ። «ከጊዮርጊስ ጋር ዕቁብ ልጠጣ ነው?» አለ። የልጅ ልጄ ግን አልሳቀም። «እማማ፣ ሱቆቹንም አብረው ቢይዙ፣ የኪራዩ ገንዘብ ለሁለቱም ይበቃ ነበር» አለ። መጽሐፍ ያልገዛ ልጅ ሒሳብ ማስላቱን እዚያ ላይ አየሁ።

የመጽሐፉን ገንዘብ ሸራ ተራ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራ መልሷል። ወደ ጨዋታ ሲሄድ ነግሮኝ እንዲሄድ፣ ስልኩንም እንዳይዘጋ ተስማምተናል። ደርቢው አዲስ አበባ ላይ ሲሆን ደግሞ አብሬው ልሄድ ቃል ገብቻለሁ። የባለቤቴን የጊዮርጊስ ስካርፍ ከሳጥን አውጥቼ አጥቤ አስጥቼዋለሁ። ልጁ አጠገቡ እንድቀመጥ ስካርፉን ቦርሳዬ ውስጥ እንድከተው ለመነኝ። እምቢ ብያለሁ።