በልክ የሚሰጥ መድኃኒት

በሱስ ለተያዘ ሰው ሐኪም ሌላ መድኃኒት ያዝለታል ሲባል ብዙ ሰው ይገርመዋል። «ይህማ ሱስን በሱስ መለወጥ አይደለም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ቀጥለን እንይ።

ፖፒ የሚባል አበባ አለ። ፍሬው ሲጫር እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት ያወጣል። ወተቱ ሲደርቅ ኦፒየም ይባላል። ሞርፊን የተባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሚወጣው ከዚህ ነው። ሄሮይን የተባለው ዕፅም ከሞርፊን ይሠራል። ትራማዶል የሚባለው ክኒን ደግሞ በፋብሪካ የሚቀመም የነዚሁ ዘመድ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም እጅ ሲሆኑ ሕመም የጠናበትን ሰው ይረዳሉ። ያለ ሐኪም በየቀኑ ከተዋጡ ግን ሰውነት ይለምዳቸዋል። ትናንት 1 ክኒን የበቃው ሰው ነገ 3 ይፈልጋል።

እንበልና አንድ ጎልማሳ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። «ድካም ያባርራል» ብለው ክኒን ሰጡት፤ ለመደው። አገሩ ሲመለስ ክኒኑ አለቀ። ያዛጋዋል፣ ያልበዋል፣ እንባና ንፍጡ ይወርዳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንቅልፍም ያጣል። አንዱ «ሰንፏል» ይላል፤ ሌላው «ለክፎታል» ይላል። ስንፍናም ልክፍትም አይደለም። ሰውነቱ የለመደውን አጥቶ ነው።

ታዲያ ሐኪም ምን ያደርጋል? በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965) ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች በኒውዮርክ ከተማ የሄሮይን ሱሰኞችን ሜታዶን በሚባል መድኃኒት አክመው ውጤቱን አሳወቁ። ሄሮይን ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎም ይወርዳል፤ ስለዚህ ሰውየው ሲፈልገው ይውላል። ሜታዶን ግን ቀስ ብሎ ይገባል፤ ቀንና ሌሊት ይቆያል። በቀን 1 ጊዜ ይበቃል። ልኩ ከተጠበቀ አያሰክርም። ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል።

ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠይቃል። ምን ትወስዳለህ? ስንት? ከመቼ ጀምሮ? አረቄስ ትጠጣለህ? ሽንትም ያስመረምራል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ያዛል። ሚሊግራም ማለት 1 ግራም ለ1000 ሲካፈል ነው። ከዚያ ሰውየውን እያየ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። ለምን አይቸኩልም? የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይደረብበታልና። ከበዛ ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ በሽተኛው መጀመሪያ ላይ በየቀኑ በጤና ባለሙያ ፊት ይወስዳል።

ቡፕረኖርፊን የሚባል ሌላ መድኃኒትም አለ። ምላስ ሥር ሆኖ ይሟሟል። የሚጀመረው የማጣት ሕመሙ ከታየ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተሰጠ ሕመሙን ያመጣል።

ይህ ሕክምና ወደ አፍሪካም ደርሷል። ታንዛኒያ በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) በዳሬሰላም በሙሂምቢሊ ሆስፒታል ሜታዶን መስጠት ጀመረች።

እንግዲህ ይህ ሱስን በሱስ መለወጥ አይደለም። ሱሰኛ ልክ የለውም፤ መድኃኒት ግን ልክ፣ ሰዓትና ተቆጣጣሪ አለው። ከጋይንት ደጋ ወደ በሽሎ በረሃ የሚወርድ ሰው ከገደል አይዘልም፤ በመውረጃው ይወርዳል። ሐኪሙም መጀመሪያ ሰውየውን ያረጋጋዋል። መቀነስ ሲቻል ቀስ እያለ ይቀንስለታል። አንዳንዱ በወራት ይጨርሳል፤ አንዳንዱ ለዓመታት ይወስዳል።

እነዚህን እናስታውስ፦

1. በሱስ የተያዘን ሰው ክኒኑን ነጥቀን ቤት አንዝጋበት። የትራማዶሉንም ልክ ሐኪም ደረጃ በደረጃ ሊቀንስለት ይችላል።
2. ለአንዱ የታዘዘውን ሌላው አይውሰድ። ከልጆች ይራቅ።
3. ከአረቄም ሆነ ከእንቅልፍ ክኒን ጋር አይወሰድ።
4. ትቶ የቆየ ሰው ወደ ድሮው መጠን ቢመለስ ሊሞት ይችላል። ሰውነቱ ረስቶታልና።

በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ከአቅሙ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮና የሱስ ሕሙማንን ያክማል። ማፈር አይገባም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።