ቃሉን ሁሉ ያውቀዋል፣ ምንባቡ ግን አይገባውም፦ የቻይና ተማሪዎችና የእንግሊዝኛ ፈተና

እ.ኤ.አ በጁን 2022 ዶዪን ላይ (የቻይናው ቲክቶክ ማለት ነው) አንድ ሰው ላይቭ ገብቶ ስቴክ ሲሸጥ ድንገት ቫይራል ሆነ። ሥጋውን እያስተዋወቀ ነጭ ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ይጽፋል፣ ትርጉማቸውን ያስረዳል፣ መሃል ላይ ደግሞ ስለ ታሪክና ስለ ግጥም ያወራል። ሰው ስቴክ ሊገዛ ገብቶ እንግሊዝኛ ተምሮ ይወጣል። ስሙ ዶንግ ዩሁዊ ይባላል። ሥጋ ነጋዴ እንዳይመስላችሁ፤ ኒው ኦሪየንታል የሚባለው ትልቅ የማስጠኛ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው።

አስተማሪው እንዴት ስቴክ ሻጭ ሆነ? በጁላይ 2021 የቻይና መንግሥት «ድርብ ቅነሳ» የሚባል ፖሊሲ አወጣ። ድርብ የተባለው ሁለት ነገር ስለሚቀንስ ነው፤ አንደኛው የቤት ሥራ፣ ሁለተኛው ከትምህርት ቤት ውጭ የሚሰጥ ጥናት። እስከ 9ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ዋና ዋና ትምህርቶችን ለትርፍ ማስጠናት ተከለከለ። ቅዳሜና እሁድም፣ በእረፍት ጊዜም ማስጠናት ቀረ። ኒው ኦሪየንታል ብቻውን 60,000 ሠራተኛ መቀነሱን መሥራቹ ዩ ሚንሆንግ በ2022 መጀመሪያ ላይ ተናግረዋል። ድርጅቱም ላይቭ ላይ ዕቃ ወደ መሸጥ ዞረ።

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። የቻይና ወላጆች ለእንግሊዝኛ ጥናት ያን ያህል ገንዘብ ያፈሱ የነበረው ለምንድነው? ልጆቹስ ለዓመታት ተምረውት ምንባብ ላይ የሚቸገሩት ምን ሆነው ነው?

በ15 ዓመት የሚመጣው ፈተና

ቻይና ውስጥ ከ2001 ጀምሮ በወጣው መመሪያ መሠረት እንግሊዝኛ የሚጀመረው 3ኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ያለው የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ይመጣል። 9ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ጆንግካኦ የሚባል ፈተና አለ። ቻይንኛ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ከፈተናው ዋና ዋና ትምህርቶች ውስጥ ናቸው።

ውጤቱ ልጁን ከሁለት መንገድ ወደ አንዱ ይልከዋል። ወይ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ወይ ደግሞ የሙያ ትምህርት ቤት። ለረጅም ጊዜ የመንግሥት አቅጣጫ ተማሪውን ወደ ሁለቱ ግማሽ በግማሽ ገደማ ማከፋፈል ነበር። በቅርብ ዓመታት የመደበኛው ድርሻ እየሰፋ ቢመጣም ብዙ ልጅ መንገዱ የሚለየው ገና በ15 ዓመቱ ነው። እንግሊዝኛው ፈተና ውስጥ ደግሞ ብዙ ነጥብ ከሚይዙት ክፍሎች አንዱ ምንባብ ነው። ጽሑፉን አንብብ፣ ከአራቱ አማራጭ አንዱን ምረጥ።

ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ የት እንደሚጀምር እንይ።

አንደኛ፦ ዘመድ የሌለው ቃል

ሥርዓተ ትምህርቱ አንድ ልጅ 9ኛን ሲጨርስ ወደ 1,600 የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዲያውቅ ይጠብቃል። ቁጥሩ ትልቅ አይደለም፤ ግን ቻይናዊው ልጅ የሚነሳው ከባዶ ነው። የእኛ አገር ልጅ አንድም ቀን እንግሊዝኛ ሳይማር ኮምፒውተር፣ ፖሊስ፣ ሆስፒታል፣ ቴሌቪዥን የሚሉትን ቃላት ያውቃቸዋል። ቻይንኛ ግን የውጭ ቃል ሲመጣ ብዙ ጊዜ ድምፁን ትቶ ትርጉሙን ነው የሚወስደው። ኮምፒውተር በቻይንኛ «ዲየንናው» ነው፤ ቃል በቃል «የኤሌክትሪክ አንጎል» ማለት። ባቡር «ኹዎቸ» ነው፤ «የእሳት ጋሪ»። ስለዚህ እንግሊዝኛው ገጽ ላይ ልጁ የሚያውቀው ድምፅ እምብዛም የለም። ፊደሉም ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን በራሱ ቋንቋ ወደ 3,500 የሚጠጉ የጽሑፍ ምልክቶችን ማወቅም እስከ 9ኛ ክፍል ድረስ ይጠበቅበታል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ሽምደዳ ይሆናል። በአንድ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሌላ በኩል አንድ የቻይንኛ ትርጉም። «ቡክ» ማለት መጽሐፍ፣ አለቀ። ከዚያ ምንባቡ ላይ «ሺ ቡክድ ኤ ሩም» የሚል ይመጣል። ሴትዮዋ ክፍሉን መጽሐፍ አደረገችው? አይ፣ ሆቴል ክፍል አስይዛ ነው። ልጁ ቃሉን «ያውቀዋል»፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን አልገባውም።

የማያውቁት ቃል ሲበዛ ምን እንደሚሆንም ተጠንቷል። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 ባወጡት ጥናት አንባቢ ያለ ማንም እገዛ አንድን ጽሑፍ በደንብ እንዲረዳ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ አለበት ብለዋል። 300 ቃል ባለው ምንባብ ላይ አስሉት፤ የማታውቁት ቃል ከ6 መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ግምት ይጀመራል።

ሁለተኛ፦ ዓረፍተ ነገሩ የተገለበጠ ነው

ይህችን ክፍል አማርኛ ተናጋሪ ከማንም በላይ ይረዳታል። እስቲ ይህን እዩ፦

«ጓደኛዬ ትናንት የሰጠኝ መጽሐፍ»

በቻይንኛ እንዲህ ይባላል፦ «ዎ ፐንግዮው ዙዎቲየን ጌይ ዎ ደ ሹ»። አንድ በአንድ ስንፈታው «ጓደኛዬ - ትናንት - ሰጠ - ለእኔ - ደ - መጽሐፍ»። «ደ» የምትለዋ ቃል እኛ «የሰጠኝ» ስንል «የ» የምትሠራውን ሥራ ነው እዚህ የምትሠራው። ቅደም ተከተሉ ከእኛ ጋር አንድ ነው፦ መጀመሪያ ዝርዝሩ፣ መጨረሻ ላይ መጽሐፉ።

እንግሊዝኛው ግን «ዘ ቡክ ዛት ማይ ፍሬንድ ጌቭ ሚ የስተርዴይ» ነው። መጽሐፉ ከፊት መጣ፣ ዝርዝሩ ከኋላ ተከተለ። እኛም ቻይናዎቹም «ዛት» ላይ ስንደርስ አእምሯችን ወደ ኋላ ዞሮ ማስተካከል ይፈልጋል። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ችግር የለውም። ሁለት «ዛት»ና አንድ «ሁ» ያለበት ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን የልጁ ዓይን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶታል። ሰዓቱ ደግሞ እየሄደ ነው።

ግሱም ሌላ ፈተና ነው። አማርኛ ውስጥ «በላ፣ በላች፣ ይበላል» እያልን ግሱን እንቀያይረዋለን። የቻይንኛ ግስ ግን እንዲህ አይቀያየርም፤ «ቺ» (መብላት) ለእኔም፣ ለእሷም፣ ለትናንትም፣ ለነገም ያው «ቺ» ነው። ጊዜው የሚታወቀው አጠገቡ ባሉት ቃላት ነው። እንግሊዝኛ ግን «ዌን ሺ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ሃድ ሌፍት» ሲል አውቶቡሱ ቀድሞ እንደሄደ፣ እሷ እንደዘገየች የነገረን በ«ሃድ» ብቻ ነው። ያቺን ቃል የዘለለ ልጅ ታሪኩ ይገለበጥበታል።

ሦስተኛ፦ ቃል ፈልጎ የማግኘት ዘዴ

ፈተና ባለበት አገር ሁሉ የፈተና ዘዴ አለ። ቻይናም ውስጥ በሰፊው የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብብ፣ ቁልፍ ቃሉን ያዝ፣ ምንባቡ ውስጥ ያንን ቃል ፈልግ፣ አጠገቡ ያለው መልስ ነው። «ባቡሩ ስንት ሰዓት ተነሳ?» ለሚል ጥያቄ ዘዴው ይሠራል።

አሁን ደግሞ ይህችን አንብቡ፦ «ልጁ ቤት ሲገባ ውጭው ጨልሞ ነበር። እናቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ አንድም ቃል ሳትናገር የቀዘቀዘውን እራት ማሞቅ ጀመረች።» ጥያቄ፦ እናትየው ምን ተሰማት? መልሱ የትም አልተጻፈም። ቃል የሚያድነው ልጅ «ሰዓት» የሚለውን ያይና «ሰዓቱ ስለተበላሸ ተናደደች» የሚለውን አማራጭ ይመርጣል። ፈታኞቹም ይህን ያውቃሉ፤ የተሳሳቱት አማራጮች ሆን ተብሎ ከምንባቡ በተወሰዱ ቃላት ይሠራሉ። ዘዴው ራሱ ወጥመድ ውስጥ ይከታል።

አራተኛ፦ ስለ ነገሩ ቀድሞ ማወቅ

በ1988 ሬክት እና ሌስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 64 የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አስነበቡ። በንባብ ደካማ የተባሉት ግን ቤዝቦል የሚያውቁት ልጆች፣ በንባብ ጎበዝ ሆነው ቤዝቦል ከማያውቁት በልጠው ተገኙ።

ልጆቹ ያነበቡት በገዛ ቋንቋቸው ነው፤ በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ደግሞ አስቡት። ምንባቡ ስለ ሙዚየም ጉብኝት ወይም ስለ አውሮፕላን ጣቢያ ከሆነ፣ ሻንጋይ ያደገ ልጅ ግማሹን ሳያነበው ያውቀዋል። ገጠር አያቱ ጋ ያደገው ልጅ ግን ቋንቋውንም፣ ነገሩንም አንድ ላይ ነው የሚማረው። ከድርብ ቅነሳው በኋላ ደግሞ ጥናቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በድብቅ፣ ቤት ለቤት፣ በውድ ዋጋ መቀጠሉ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። መክፈል የሚችለው ይከፍላል። የማይችለው ልጅ ከምንባቡ ጋር ብቻውን ይፋጠጣል።

ታዲያ ምን ይሠራል?

ደስ የሚለው፣ ዋናው መድኃኒት ውድ አይደለም።

👉 ቀላል ነገር በብዛት ማንበብ። የቻይና ሥርዓተ ትምህርት ራሱ ልጆች 9ኛን እስኪጨርሱ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ 150,000 ቃል ያህል እንዲያነቡ ይላል። አስፈሪ ቁጥር ይመስላል፤ ለሦስት ዓመት ስታካፍሉት ግን በቀን 137 ቃል ገደማ ነው። አንድ አጠር ያለ የቴሌግራም ፖስት በሉት። ጽሑፉ የማያውቁት ቃል ጥቂት ብቻ የሆነበት ይሁን። «ቡክ» ሁለት ትርጉም እንዳለው ልጁ የሚገባው ዝርዝር ሸምድዶ ሳይሆን አሥር ቦታ አግኝቶት ነው።

👉 ዓረፍተ ነገሩን እየቆረጡ ማንበብ። «ዘ ቡክ / ዛት ማይ ፍሬንድ ጌቭ ሚ የስተርዴይ / ኢዝ ኦን ዘ ቴብል»። ወደ ኋላ ተመልሶ መተርጎም የለም። «መጽሐፉ… የትኛው? ጓደኛዬ ትናንት የሰጠኝ… ምን ሆነ? ጠረጴዛው ላይ ነው።» እንግሊዝኛው በመጣበት ቅደም ተከተል መከተል ነው። መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ ይለመዳል።

👉 አንድ አንቀጽ ሲያልቅ ቆም ማለት። «ማን ምን አደረገ? ለምን?» ብሎ በራስ ቋንቋ በአንድ መስመር መናገር። መናገር ካልተቻለ አልገባንም ማለት ነው፤ አማራጮቹን ለማየት ገና ነው።

👉 በራስ ቋንቋም ማንበብ። ስለ ህዋ በቻይንኛ ያነበበ ልጅ ስለ ህዋ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ምንባብ ሲመጣ ባዶ እጁን አይደለም።

ይህን በአንድ መስመር የገለጹት ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1986 እንዳሉት የንባብ ግንዛቤ ማለት ፊደሉን አውቆ ማንበብ ሲባዛ በቋንቋ መረዳት ነው። ሲደመር ሳይሆን ሲባዛ መሆኑን ልብ በሉ። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ቃላት አሳምሮ የሚያነበንብ ግን የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ የማይገባው ልጅ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ስለ እኛስ?

ቻይናዊው ልጅ እንግሊዝኛ ቢከብደው የሚጎዳው አንድ ትምህርት ነው። ፊዚክሱንም ሒሳቡንም በራሱ ቋንቋ ይማራል። እኛ ጋ ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። «ዛት» ላይ የተደናቀፈ ልጅ ፊዚክሱን እያወቀው ጥያቄው ሳይገባው ሊወጣ ይችላል። ከዚያ «ሳይንስ አይሆነኝም» ይላል፤ ችግሩ ሳይንሱ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ቤታችሁ 8ኛ ወይም 9ኛ ክፍል የሚማር ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩ። ከመጽሐፉ አንድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ አስነብቡት። የቃላት ትርጉም አትጠይቁት። መጽሐፉን አስዘግታችሁ «ምን ይላል?» በሉት፣ በአማርኛ ይንገራችሁ። ዝም ካለ አትቆጡት። አንቀጹን አብራችሁ ቆራርጡትና ነገም ድገሙት።