የዩኒቨርሲቲ ግቢ መስፋትና የከተማ ዝግጅት

ደጀን ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው ጐዳና የሚያልፍባት የንግድ ከተማ ናት። ስለዚህ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢውን ባሰፋ ቍጥር ነገሩ ለደጀን ነጋዴ የሩቅ ወሬ አይሆንም። ከመሐል አገር የሚጫነው የሕንፃ ብረትና ተማሪው የሚሳፈርበት አውቶቡስ በደጃፉ ያልፋሉ፤ የአካባቢው ጤፍም ተጨማሪ ሸማች ያገኛል። ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም ጸንቶ የሚቈየው መስፋፋቱ አስቀድሞ የታቀደ ሲሆን ነው።

ለዚህም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ትምህርት ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው በስጦታ ተሰጠና ዋናው ግቢ በስድስት ኪሎ ሆነ። ከዚያም ሳይንስ በአራት ኪሎ፣ ምሕንድስና በአምስት ኪሎ፣ ሕክምና በጥቁር አንበሳ ተደለደሉ። ከተማው ግቢዎቹን ዙሪያቸውን ስለ ከበባቸው ወደ ጎን መስፋት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ።

ከዚህ በመነሣት በማደግ ላይ ያለ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሦስት ነገሮችን ማሰብ ይገባዋል። አንደኛ፣ ነገ የሚያስፈልገው መሬት ዛሬ በከተማው ፕላን ላይ ተለይቶ ይከለል። ወሰኑ ሳይታወቅ ሱቅና የኪራይ ቤት የሚሠራ ነጋዴ ኋላ ቤቱ ሲፈርስ ገንዘቡንም ደንበኛውንም ያጣል።

ሁለተኛ፣ ውሃ ከአልጋ ይቅደም። ለአንድ ተማሪ በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ፣ 1,000 ተማሪዎች ሲጨመሩ በየቀኑ 50,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይኸውም 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ አምስት ጊዜ ተመላልሶ የሚያደርሰው ነው። ይህ ካልተሰናዳ ግቢውና ነዋሪው በአንድ ቧንቧ ይሻማሉ።

ሦስተኛ፣ በከተማው ዳር ያለው ገበሬ አይዘንጋ። መሬት ለገበሬ የዓመት ቀለብ ብቻ ሳይሆን የልጆቹም መተዳደሪያ ነው። ስለዚህ እርሻውን ሲለቅ ከካሳው ጋር ሌላ የሥራ መንገድ፣ ለምሳሌ ለግቢው ወተትና አትክልት የማቅረብ ዕድል፣ ሊመቻችለት ይገባል።

ነጋዴዎችም ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ከማማረር ይልቅ ገና ሲረቀቅ ቀርበው ቢጠይቁና አሳባቸውን ቢሰጡ ይጠቀማሉ። በወረቀት ላይ ያለ ወሰን በእርሳስ ይታረማል፤ በድንጋይ የታነጸ ስሕተት ግን ማፍረስን ይጠይቃል።