ቤት ያልፋል፣ ድንበር ይቀራል

ከዌልስ ድንበር ብዙም በማይርቀው የእንግሊዝ ምዕራባዊ ክፍል ለድሎ የምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። ከኮረብታው አናት ወደ ቲም ወንዝ በሚወርደው ብሮድ ስትሪት ግራና ቀኝ ቀይ ጡብ የለበሱ፣ መስኮቶቻቸው ልክ በልክ የተሰደሩ ቤቶች ይታያሉ። በአንዳንዶቹ ጎን ወዳለው ጠባብ መተላለፊያ ገባ ብሎ ለተመለከተ ግን ሌላ ቤት ብቅ ይላል፤ የጠቆረ የኦክ ቋሚና አግዳሚ፣ በመካከሉም ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ግድግዳ። ታዲያ የዚህ ቤት ዕድሜ ስንት ነው? ከፊት ሲያዩት 250 ዓመት ያህል፣ ከጎን ሲያዩት ከ400 በላይ። ቤቱ የቆመበት ቦታ ድንበር ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል።

ጥንታዊ ከተማ ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው ሕንፃ ላይ ነው። ለድሎን ለመረዳት ግን መጀመሪያ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል።

ኖርማኖች በ1066 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ የደ ላሲ ቤተሰብ በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከወንዙ በላይ ባለው አፋፍ ላይ ግንብ ሠራ። ግንብ ውስጥ የሚኖር ወታደር እህል፣ ልብስና ጫማ ይፈልጋል፤ ጌታው ደግሞ ግብር የሚከፍል ነጋዴ። ስለዚህ ከግንቡ በር ወደ ምሥራቅ ሰፊ የገበያ ጎዳና ተዘረጋ። ከእሱም ሚል ስትሪትና ብሮድ ስትሪት ጎን ለጎን ወደ ደቡብ ወረዱ። የጎዳናው ዳር በዘንግ እየተለካ ተሸነሸነ። አንዱ ዘንግ 5 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የብዙው ቦታ ፊት ሁለት ዘንግ ያህል ነበር። ሁሉም ነጋዴ መንገድ ዳር ደጅ ስለሚፈልግ የቦታው ፊት ጠባብ፣ ጓሮው ግን ረጅም ሆነ።

ይህ ሽንሸና ለምን ጸና? ባለይዞታው ለጌታው የሚከፍለው የጉልበት ሥራ ሳይሆን የተቆረጠ ገንዘብ ነበር። ቦታውን መሸጥም ማውረስም ይችላል። ቤቱን ማፍረስና መሥራት የራሱ ጉዳይ ነው፤ ድንበሩን መግፋት ግን ጎረቤትን፣ ውልንና ምስክርን ይነካል። በ1933 ከጀርመን ወደ ብሪታንያ የተሰደደው የጂኦግራፊ ሊቅ ኤም. አር. ጂ. ኮንዘን ለድሎን በጥልቀት ካጠኑት አንዱ ነው። እሱ እንዳስተማረው፣ በከተማ ውስጥ ቶሎ የሚለወጠው የቦታው አገልግሎት ነው፤ ሕንፃው ዘግየት ይላል፤ ከሁሉም የሚጸናው የጎዳናና የይዞታ መስመር ነው።

ገበያው ራሱ ይህን ያሳያል። በሰፊው ጎዳና መካከል የነበሩት የሻጮች መደቦች መጀመሪያ ማታ የሚነሡ ነበሩ። ቀስ በቀስ ጣሪያ አወጡ፤ ከዚያ ግድግዳ፣ ከዚያም ፎቅ። ዛሬ ሀርፕ ሌንና ቸርች ስትሪት የሚባሉት ጠባብ መንገዶች በዚያ መንገድ የተወለዱ ናቸው። በመደቦች መካከል ገዢ ይተላለፍበት የነበረው ክፍተት ጎዳና ሆኖ ቀረ። ገበያው ደግሞ ዛሬም ከግንቡ ፊት ባለው አደባባይ ይቆማል።

የቤቶቹ ሁለት ፊት ምክንያትም ከዚሁ ከጸናው የይዞታ ድንበር ጋር ይያያዛል። ለድሎ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ዌልስንና የድንበሩን አውራጃዎች የሚያስተዳድረው ምክር ቤት መቀመጫ ነበረች። ባለጉዳይና ጠበቃ ይጎርፍባት ነበር። ሪስ ጆንስ የተባለ ጠበቃ በ1619 የሠራው፣ በኋላ የእንግዳ ማረፊያ የሆነው ፌዘርስ የዚያ ዘመን ሀብት ምስክር ነው፤ እንጨቱ ሁሉ በቅርጽ የተዋበ ነው። ምክር ቤቱ በ1689 ሲፈርስ ግን ከተማዋ አልሞተችም። የአካባቢው ባለርስቶች ክረምትን የሚያሳልፉባት፣ የሚጋበዙባት ሆነች። እነሱም የዘመኑን ጡብ ወደዱ። የኦክ አጥንቱ ጤነኛ፣ ድንበሩም የተወሰነ ስለነበር ሁሉን ከማፍረስ ይልቅ ፊቱን ማልበስ ይቀላቸው ነበር። ወደ መንገድ ያዘነበለውን የላይኛውን ፎቅ ተከትለው ከታች ጡብ ደረደሩ፤ አሮጌው ቤት ከኋላው ሳይነካ ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው የጓንት ሥራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተዳከመ። ባቡር በ1852 ቢደርስም ትልቅ ፋብሪካ አልተከተለም። ሌሎች ከተሞችን ያፈረሰው ገንዘብ ለድሎ አልደረሰም፤ በዚህም ዛሬ 500 ያህል ሕንፃዎቿ በሕግ ይጠበቃሉ።

ለዚህ ነው ጥበቃ የፊት ግድግዳን በማዳን ብቻ አያበቃም የምለው። ጡቡ እንዳለ ሆኖ ከኋላው ሦስት ይዞታ ተጨፍልቆ አንድ ቢሆን፣ ስዕሉ ይተርፋል፣ ታሪኩ ግን ይጠፋል። ብሮድ ስትሪት ግርጌ ላይ ከሰባቱ የከተማ በሮች የተረፈው ብሮድ ጌት ቆሟል። ሁለቱ ክብ ግንቦቹ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ላያቸው ላይ ከብዙ ዘመን በኋላ መኖሪያ ቤት ተሠርቷል። ከሥሩ የሚያልፍ ባለመኪና ዛሬም ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ተራውን ጠብቆ ያልፋል። መንገዱን ያጠበበው ለጋሪና ለፈረስ የተለካ መስመር ነው፤ ለኪዎቹ ካለፉ ሰባት መቶ ዓመት አልፏል፣ ልኩ ግን ገና ይሠራል።