ስለ አኻያ ቅርንጫፍ ቀለምና ስለ አቈራረጡ

በኤውሮፓ አገር ዓመቱ እንደ እኛ አገር በዝናምና በበጋ አይከፈልም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብርዱ ይበረታል፤ አመዳይና በረዶም በብዙ ስፍራ ምድሩን ይሸፍናሉ። የብዙው ዛፍ ቅጠል አስቀድሞ በጥቅምትና በኅዳር ይረግፋልና፣ አትክልቱ ሁሉ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ የአትክልት ዐዋቂዎች በዚያ ወራት አበባን የሚተካ፣ ቅርፊቱ ራሱ የሚያምር አኻያ ይተክላሉ።

የአኻያ ወገን ብዙ ነው፤ በአገራችን በወንዝ ዳር የሚበቅለውም ከዚሁ ይቈጠራል። ስለ ቀለማቸው ከሚተከሉት አንደኛው በላቲን ቋንቋ ቪቴሊና ይባላል፤ ይኸውም የእንቍላል አስኳል የሚመስል ማለት ነው፤ ቅርንጫፉ ብጫ ነውና ስሙ ይገባዋል። ሁለተኛው ብሪትዜንሲስ ነው፤ ስሙን ያገኘው ዛሬ በበርሊን ከተማ ውስጥ ካለችው ከብሪትዝ ሲሆን፣ ቅርንጫፉ እንደ ፍም ይቀላል። ሦስተኛው ዳፍኖይዴስ ይባላል፤ ቅርንጫፉ ወይን ጠጅ መልክ ነው፤ በላዩም ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

ነገር ግን ይህ ውበት የለጋው ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ ሲያረጅ ቅርፊቱ ይወፍራል፤ ቀለሙም ጠፍቶ አመድማ ይሆናል። እንግዲህ ለዛፉ ራርቶ መቍረጫውን የሚመልስ ሰው፣ ትልቅ ዛፍ ያገኛል እንጂ ቀለሙን ከዓይኑ ርቆ በጫፉ ላይ ብቻ ያየዋል።

አተካከሉም እንዲህ ነው። አንድ ዓመት የሆነውን፣ እርሳስ ያህል የወፈረውን ጤናማ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል በሌለበት ወራት 30 ሳንቲሜትር ያህል አድርጎ መቍረጥ ነው። እንቡጡ ወደ ላይ እንዲሆን አስተውሎ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ በእርጥብ መሬት ውስጥ ቢቀብሩት ሥር ይሰዳል። አኻያ ወንዱና ሴቱ በየዛፉ የተለየ ስለ ሆነ፣ ከዘር የበቀለው እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ከቅርንጫፍ የተተከለው ግን ቀለሙን አይለውጥም። ስፍራው ፀሐይ የሚያገኘው ይሁን፤ በጥላ ውስጥ ቀለሙ ይደበዝዛልና። ሥሩም ውሃ ፈላጊ ስለ ሆነ፣ ከቤት ግድግዳና ከውሃ ቧንቧ ማራቅ ይገባል።

ተክሉ ሥሩን እስኪያጸና ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ይታገሡታል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ ብርዱ ሊያልቅ ሲል በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት፣ ቅጠል ሳያወጣ ቅርንጫፉን ሁሉ ከጕቶው ጥቂት ጣት አስቀርተው ይቈርጡታል። ያን ጊዜ ምግቡ በሥሩና በጕቶው ተከማችቶ ይገኛልና፣ በአንድ የሙቀት ወራት ብቻ ሁለት ሜትር የሚደርስ አዲስ ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ቅጠል ለብሶ ሳለ ደጋግመው ቢቈርጡት፣ ምግብ የሚያዘጋጀው ቅጠሉ ነውና ይደክማል፤ በመጨረሻም ይደርቃል።

ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ትምህርት ለአገራችን የሚረባ ነገር አለ። የእኛም አኻያ ከተቈረጠ ቅርንጫፍ ይበቅላል፤ ሥሩም የወንዙን ዳር አፈር ይይዛል። ዳሩ ሲራቈት ጎርፍ እርሻውን እየናደ ይወስደዋል። ስለዚህ ከመካከላችሁ መፋቂያ ሊቈርጥ ወደ ወንዝ የሚወርድ ቢኖር፣ ዛፉን ከሥሩ አይንቀል፤ ከቈረጠውም አንዱን ጤናማ ቅርንጫፍ በእርጥቡ ዳር ተክሎ ይመለስ። መቍረጥ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ቈርጦ አለመትከል ነው።