ከባሕሩ ወለል የሚነሣው የጄሊፊሽ መንጋ

በየዓመቱ ሰኔና ሐምሌ ሲደርስ፣ በምሥራቃዊው የሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ፣ በተለይም በእስራኤልና በሊባኖስ፣ አንድ ዓይነት ወሬ ይደጋገማል፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ጄሊፊሽ ሰሞኑን ከቀይ ባሕር ተነሥቶ፣ በስዊዝ ቦይ አልፎ፣ የመዋኛ ዳርቻዎችን ወረረ ይባላል። የወሬው ግማሽ እውነት ስለሆነ ሌላው ግማሽ ሳይመረመር ያልፋል። የጄሊፊሹ ዘር በቦዩ መምጣቱ በአብዛኞቹ ተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት ያለው ሲሆን፣ የዘንድሮው መንጋ ዘንድሮ መጣ መባሉ ግን ስሕተት ነው፤ መንጋው የሚወለደው እዚያው ሜድትራንያን ውስጥ ነው።

የቦዩ ታሪክ በአጭሩ የሚነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ቀይ ባሕርንና ሜድትራንያንን ካገናኘ ወዲህ፣ ከ400 በላይ ባዕድ የባሕር ዝርያዎች በእርሱ በኩል እንደገቡ ይገመታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀንድ አውጣን፣ ሸርጣንንና ጄሊፊሽን የመሳሰሉ አከርካሪ የለሽ እንስሳት ናቸው። ሮፒሌማ ኖማዲካ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው ጄሊፊሽ በምሥራቃዊው ሜድትራንያን መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን ተመራማሪ ቤላ ጋሊልና ባልደረቦቻቸው በ1990 በጽሑፍ አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ መንጋው ዋናተኞችን ይነድፋል፣ የዓሣ አጥማጆችን መረብ ይሞላል፣ እንደ እስራኤሉ ሐዴራ ያሉ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያም ይደፍናል።

ታዲያ መንጋው በየዓመቱ ከየት ይነሣል? መልሱ ያለው በሕይወት ዑደቱ ውስጥ ነው። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውና እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው አካል ሜዱሳ ይባላል፤ ይህም የእንስሳው አንድ የዕድሜ ደረጃ ብቻ ነው። ወንድና ሴት ሜዱሳዎች ዘራቸውን ወደ ውሃው ይለቅቃሉ፣ ከተዳቀለው እንቁላልም በዓይን ለማየት የሚያዳግት ተንሳፋፊ እጭ ይፈለፈላል፤ እጩም ጠንካራ ነገር ሲያገኝ ተጣብቆ ፖሊፕ ወደሚባል፣ ቁመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር ወደማይበልጥና አፉን ወደ ላይ አድርጎ ወደሚኖር ፍጥረት ይለወጣል። ፖሊፑ ያለ ተባዕትና እንስት ግንኙነት ይራባል፤ ከተጣበቀበት ቦታ ጥቂት ፈቀቅ ባለ ቁጥር በስተኋላው በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለለ የሕዋስ ክምችት ይተዋል፣ ከዚያም ክምችት ሌላ ፖሊፕ ይወጣል። በዚህ መንገድ አንድ እጭ ብቻውን ወደ ብዙ ፖሊፖች ሊባዛ ይችላል።

የውሃው ሙቀት ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ሂደት ይጀምራል። የፖሊፑ አካል ከላይ ወደ ታች በቀለበት ቅርጽ እየተሸነሸነ፣ በመሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ ስስ ስስ ንብርብር ይሆናል፤ ከላይ ያለው ንብርብር በመጀመሪያ፣ ሌሎቹም በተራቸው፣ ተላቅቀው ይዋኛሉ። እያንዳንዱ ንብርብር በፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ እየተመገበ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ኪሎ ግራም ወደሚመዝን ጄሊፊሽ ያድጋል። ፖሊፑም ከሽንሸናው በኋላ በተረፈው አካሉ አገግሞ በሌላ ጊዜ ሊደግመው ይችላል። ወሬው «ድንገት መጣ» የሚለው መንጋ እንግዲህ ለወራት ከወለሉ ላይ ሲዘጋጅ የቆየ ነው፤ በብርዱ ወራት ጭምር መንጋ የሚታይባቸው ዓመታት መኖራቸውም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች አሉ። የፖሊፑ አኗኗር በዝርዝር የታወቀው በአብዛኛው በቤተ ሙከራ በማርባት ነው፤ ይህን የሚያህል ኢምንት ፍጥረት በሰፊ የባሕር ወለል ላይ ፈልጎ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነውና። የመጀመሪያዎቹ መጤዎች በቦዩ ውሃ ተንሳፍፈው ይሁን በመርከብ አካል ላይ ተጣብቀው መሻገራቸው አልተወሰነም። ቦዩ ተከፍቶ መንጋው እስኪታይ አንድ ምዕት ዓመት ያህል ማለፉም ያከራክራል። አንዳንዶች በመንገዱ ላይ ያሉት መራራ ሐይቆች በወለላቸው ያለው ጨው ሟሙቶ እስኪያልቅ ለብዙ ዝርያዎች የማይታለፍ ደጅ ነበሩ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በጥቁር ዓባይና በተከዜ በኩል ይወርድ የነበረው የክረምት ጎርፍ በዓባይ ዴልታ ፊት ያለውን ባሕር ጨውነት ይቀንስ እንደነበር፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ሲጠናቀቅ ግን ይህ መከላከያ እንደቀረ ያስረዳሉ። ሁለቱ ማብራሪያዎች አይጣረሱም፤ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ ግን የባሕሩ መሞቅና የቦዩ ተደጋጋሚ መስፋት ስለተደራረቡበት ቀላል አይደለም።

በቦዩ ላይ እጅግ ጨዋማ ውሃ በመልቀቅ የጥንቱን የመራራ ሐይቆች መከላከያ መልሶ ለመፍጠር ተመራማሪዎች ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ገና ያልተሻገሩ ዝርያዎችን ሊያስቀር ይችላል፤ በሜድትራንያን ወለል ላይ ተጣብቆ ለሚራባው ለሮፒሌማ ግን ቦዩ ቢዘጋ እንኳ የሚያጎድልበት ነገር የለም።